ደላላው የሚያውቀው ወር

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት በእግር የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም፤ ግን ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከገብስ ወደ ማሽላ አገር ያሸጋግራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከአንኮበር ሆነው ሲገዙ ይህ ቁልቁለት የአገሩ የንግድ በር ነበር። በግመል የመጣ ጨውና ከባሕር ማዶ የተሻገረ ጨርቅ ሽቅብ ይወጣል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ሰው ቁልቁል ይወርዳል። ሰው ያልሁት አምልጦኝ አይደለም። ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባለው ስፍራ የባሪያ ገበያ ነበር፤ ከዚያ የተነዱ ብዙዎች በታጁራ በኩል ባሕር ተሻግረዋል። ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲፈራረም ገበያው ደርቶ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ዐዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ጨርሶ በሕግ ተሻረ።

ገበያው ጠፋ፤ መንገዱ ግን አሁንም ሰው ይጓዝበታል። ዛሬ ከአንኮበር፣ ከባሶና ወራና ወይም ከመንዝ የምትወጣ የ14 ዓመት ልጅ አንድም በደብረ ብርሃን አድርጋ አዲስ አበባ ሰው ቤት ትገባለች፤ አንድም በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ አድርጋ አፋርን አቋርጣ ጅቡቲ ትደርሳለች፤ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከቀናትም ሳዑዲ። ወንድሟ ለዓመት በእረኝነት ይቀጠራል፤ ክፍያውም ጥቂት ቁና እህል ወይም አንዲት ግልገል ይሆናል። በሰንሰለት የታሰረ የለም። ልጅቱ ፌስታሏን ይዛ በራሷ እግር ትነሳለች፤ እናቷም እስከ መኪና መንገዱ ትሸኛታለች፤ የሚወስዳት ሰው ብዙ ጊዜ የአክስት ባል ወይም የጎረቤት ልጅ ነው። ነገሩን ብዝበዛ ብሎ ለመጥራት አፍ የሚይዘንም ለዚህ ነው። «ፈልጋ ሄደች» እንላለን። «ፈልጋ» የምትለዋ ቃል ግን ብዙ ጉድ ትሸፍናለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ያሉት አባቶች ፈቃድና ችግር ፊት ለፊት ሲገናኙ የትኛው እንደሚረታ ያውቁ ነበር።

የምከራከረው በአንድ ነጥብ ነው። ለብዝበዛ በር የሚከፍተው በዓመት አማካይ የሚለካው ድህነት ሳይሆን፣ በዓመቱ ውስጥ ባለች አንዲት ክፉ ወር እምቢ ለማለት የሚያስችል ነገር ቤት ውስጥ መጥፋቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ገጠር ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ 25.6 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 26.1 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ከነበረው በእጅጉ የቀነሰ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚኖር ገበሬም ነሐሴ ላይ ባዶ እጁን ሊገኝ ይችላል። ደላላ የዓመት አማካይ አያውቅም፤ የሚያውቀው ወሩን ነው።

ወሩን በቅርብ እንየው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ደጋ የገብስ፣ የባቄላና የስንዴ አገር ነው። በልጉ ከያዘ ሰኔና ሐምሌ ላይ አዲስ ገብስ ይገኛል፤ በልጉ ከቀረ ግን ካለፈው ታኅሣሥ የተከተተው እህል እስከሚቀጥለው ኅዳር መድረስ አለበት፤ አይደርስም። ማሳው ላይ ያለው ደግሞ ጥቅምት ላይ በአንድ ሌሊት ውርጭ ሊመታ ይችላል። በዚህ መሐል ሰኔ የማዳበሪያ ገንዘብ ትጠይቃለች፤ ነሐሴና መስከረም ደብተር፣ ዩኒፎርምና የበዓል ወጪ ያመጣሉ። የቤቱ እናት ኩበት በአህያ ጭና ደብረ ብርሃን ታወጣለች፤ ለማሳው ፍግ መሆን የነበረበት እበት በከተማው ምድጃ ነዶ ያልቃል፤ በዓመቱም ማሳው የዚያኑ ያህል ሌላ ማዳበሪያ ይፈልጋል። ቀጥሎ ባሕር ዛፉ ያለዕድሜው ይቆረጣል። ቀጥሎ በጉ ይወጣል። በጉም ካለቀ የሚቀረው አራጣ ነው፤ ወይም ከልጆቹ የአንዱ ጉልበት።

መሬት ያለው ሰው ኑሮ እንኳ ይህን ከመሰለ፣ መሬት የሌለው ከዚህ ይብሳል። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ወዲህ የተወለደ ትውልድ ዛሬ ራሱ ልጅ ወልዷል፤ ያለው ግን ከአባቱ ላይ የሚሸረፍ ቁራጭ ማሳ ወይም የሰው መሬት በእኩል ማረስ ነው። ትምህርቱም እንደታሰበው መውጫ አልሆነለትም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ አባቱ ጎጆ የተመለሰ ልጅ ፊት ስለ ትዕግሥት መስበክ ምን ይፈይዳል? ደላላው ግን ቢያንስ ቀጠሮ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ከመንዝ አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ ስለ በግ ነው። የመንዝ በግ ብርዱን የቻለ፣ ከጸጉሩ ባና የሚሠራ፣ ለዘመናት የአካባቢው ባንክ ሆኖ የኖረ እንስሳ ነው። የእንስሳት እርባታ ተመራማሪዎች በመንዝ መንጋ ላይ ያስተዋሉት ነገር ግን አስገራሚ ነበር። ገበሬው ገንዘብ ሲቸግረው ቶሎ ያደገውን፣ ወዘናው ያማረውን ወጣት አውራ ገበያ ያወጣል፤ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ። ከበጎቹ ጋር ቀርቶ የሚያጠቃው ቀጭኑና ኋላ ቀሩ ይሆናል። በዚህ አኳኋን ችግር በየዓመቱ ምርጡን እየለቀመ ስለሚያወጣ መንጋው ከትውልድ ትውልድ እየደከመ ይሄዳል። የገበሬው ዕውቀት አላነሰም፤ የትኛው አውራ መቅረት እንዳለበት ከማንም በላይ ያውቃል። ያነሰው ያን አውራ ሳይሸጥ ጥቂት ወራት የሚያሳልፍበት ጥሬ ገንዘብ ነው።

የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳና ኢልሪ ከተባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው የማኅበረሰብ እርባታ መፍትሔውን ከመንደሩ ውስጥ ፈለገ። የየቤቱ ግልገል ክብደት ይመዘገባል፤ ወጣቶቹ አውራዎች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው መዝገቡን እያዩ፣ ደግሞም ላቱን፣ ቀንዱን፣ መልኩንና አቋሙን በዓይናቸው እየመዘኑ ይመርጣሉ። ተዘዋዋሪ ገንዘብ ተቋቁሞ የተመረጠው አውራ ዋጋ ለባለቤቱ የሚከፈልበት መንገድ ተበጀ፤ ባለቤቱ ችግሩን ይወጣል፣ አውራው ግን መንደር ውስጥ ቀርቶ የሁሉንም በጎች ያጠቃል፤ ጊዜውን ሲጨርስ ተቀጥቅጦና ሰብቶ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ወደ ቋቱ ይመለሳል። ከውጭ የመጣ ልዩ ዝርያ የለም፣ የሚያስደንቅ ሕንጻም የለም። አንድ ቤተሰብ በችግሩ ቀን ምርጡን ከእጁ እንዳያወጣ ጎረቤቱ በወጉ ተደራጅቶ ገንዘብ አቀረበለት፤ ይኸው ነው።

ሰውን ከበግ ጋር ማነጻጸሬ የሚከብደው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የችግሩ አካሄድ ግን አንድ ነው። ሰው ቤት እንድትቀጠር የምትሰጠው ልጅ ብዙ ጊዜ ጎበዟ፣ ፈጣኗ፣ «ትችላለች» የተባለችው ናት፤ ባሕር ለመሻገር የሚነሳው ወጣት የመንደሩ ጉልበተኛ ነው። አራጣው፣ የቲኬቱ ብድር፣ ደላላው «አስቀድሜ እከፍልልሻለሁ» የሚለው ገንዘብ ደግሞ ሰውየውን ገና ከመንደሩ ሳይወጣ ባለዕዳ ያደርገዋል፤ በዕዳ የገባ ሠራተኛ ደመወዝ ቢከለከል፣ ቢደበደብ፣ ፓስፖርቱ ቢያዝበት ጥሎ ለመውጣት አቅም የለውም። እንግዲህ የገጠር የማኅበረሰብ ልማት ማለት ለእኔ ከሁሉ በፊት ይህችን የመጀመሪያዋን ብድር ከደላላው እጅ ነጥቆ ለመንደሩ መስጠት ነው።

ለዚህ የሚሆን ተቋም ከሌላ አገር ማስመጣት አያስፈልግም። እድር አንድ ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ያልመጣውን ይቀጣል። እቁብ ያለ አንዳች የባንክ ወረቀት ገንዘብ ያሰባስባል። መንዝ ውስጥ የጓሳ ሳር ለዘመናት በሽማግሌዎች ሥርዓት እየተዘጋና በየተወሰነ ዓመት እየተከፈተ ሲጠበቅ ኖሯል፤ ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ጋር ፈረሰ፣ ኋላም በአዲስ መልክ በማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራነት ተመለሰ። ለሞተ ሰው እንዲህ የሚፈጥን ሰፈር፣ በቁም ለሄደች ልጅ ግን አድራሻዋን እንኳ መዝግቦ የሚይዝበት ወግ የለውም። እድሩ ከቀብር ገንዘብ ሣጥኑ ጎን ሌላ ሣጥን ቢያኖር፣ ሣጥኑም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብቻ ተከፍቶ አዝመራ ሲገባ በእህል ወይም በገንዘብ የሚመለስ ብድር ቢሰጥ፣ የአራጣ አበዳሪውንና የደላላውን ሥራ ያበላሻል።

መረጃውም ይህን ይደግፋል፤ ብድር ብቻውን ግን እንደማይበቃም ይነግረናል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በጋና፣ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በፔሩና በሆንዱራስ በእጅጉ ደሃ የሆኑ ቤተሰቦች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። ለቤተሰቦቹ እንስሳ ወይም ሌላ ጥሪት፣ ለጥቂት ጊዜ የቀለብ ድጋፍ፣ ሥልጠና፣ የቁጠባ መንገድና በየጊዜው ቤት ድረስ የሚመጣ አማካሪ ባንድ ላይ ተሰጣቸው። ድጋፉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም በአብዛኞቹ አገሮች የቤተሰቦቹ ፍጆታና ጥሪት ካልተሰጣቸው የተሻለ ነበር። በሆንዱራስ ግን የተሰጡት ዶሮዎች በበሽታ አለቁ፤ የታሰበው ጥሪትም አብሮ ቀረ። ይህችን የዶሮ ታሪክ አቅልሎ የሚያልፍ የልማት ባለሙያ ውርጫማና ረግረጋማ በሆነው በሰሜን ሸዋ ደጋ የጉበት ትል በግ ሲጨርስ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። በግ ሰጥቶ የእንስሳት ሐኪም አለመስጠት አዲስ ዕዳ መስጠት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመንዝም የሚታወቀው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ብዙ ቤተሰብ ጥሪቱን እንዳይሸጥ ረድቷል፤ ነገር ግን የሕዝብ ሥራው ክፍያ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ያለውን ግማሽ ዓመት የተከተለ ነው። ደላላው ደግሞ ሰኔ ሲወጣ ነው የሚገባው።

«ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ ደላላውን ማሰር ነው» የሚል ተቃውሞ መጀመሪያ ይነሳል። ይታሰር። ሕጉ አለ፤ ዐዋጅ ቁጥር 909/2007 ወጣ፣ ዐዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተካው። ነገር ግን በደንብ ሊመሰከርበት የሚችለው ሰው ዘመድ ሲሆን፣ ተበዳይዋም ራሷን እንደ ተበዳይ ሳትቆጥር ስትቀር መዝገቡ ከፖሊስ ጣቢያ አይወጣም። ክልከላ ብቻውን ምን እንደሚያደርግም አይተናል። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ስምሪት አገደ፤ በቀጣዮቹ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባርረው ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ሲቆይ ሕጋዊው በር ተዘጋ እንጂ ጉዞው አልቆመም፤ ብዙዎችን ወደ በረሃው መንገድ ገፋቸው። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን ወሰን ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ዘግቧል፤ ያን መንገድ እያወቁም የሚሄዱ አሉ። ሕጉ ቀዳዳም አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰው ቤት የሚሠራን የቤት ሠራተኛ ከሽፋኑ አውጥቶ ጉዳዩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ የአንኮበር ልጅ የዕረፍት ቀኗ ስንት እንደሆነ የሚነግራት የለም። ይህን ቀዳዳ መድፈን የከተማው ሥራ ነው፤ ገጠሩን በማልማት አይደፈንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከምሁራን ወገን የሚመጣ ነው፣ ክብደትም አለው። ገጠር ሲለማ ስደት አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል ይላሉ። እውነት ነው፤ በብዙ አገሮች የታየው በእጅጉ ደሃ የሆነው ሰው ለመሄጃ የሚሆነው እንኳ እንደሌለውና ገቢው ከፍ ሲል መሄድ እንደሚጀምር ነው። ይህ ግን ክርክሬን አይነካውም፤ የልማት ግብ ሰውን በመንደሩ ማሰር ነው ብዬ አላውቅምና። ልጅቱ 18 ዓመት ሞልቷት፣ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ቲኬቷን በራሷ ገንዘብ ገዝታ፣ ውሏን አንብባ ብትሄድ መልካም ጉዞ ነው የምላት። የምቃወመው በ14 ዓመቷ፣ በዕዳ፣ በሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ መሄዷን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከውጭ አገር ሳይሆን ከመንደር ነው የሚጀምረው። የስደተኛ ቁጥር ቀነሰ ወይስ ጨመረ እያሉ የልማትን ሥራ መመዘን ስለዚህ ያሳስታል።

ሦስተኛው «ፋብሪካው እኮ መጣ» የሚለው ነው። ደብረ ብርሃን ለፋብሪካ እንግዳ አይደለችም፤ ብርድ ልብሷ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ በአገሩ ይታወቃል፤ ዛሬ የቢራ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ የቢራ ገብስ ደግሞ በእርግጥ ለገበሬው ገበያ ከፍቷል። የፋብሪካ ሥራ ብቻውን ድሃውን ያድናል ብሎ ማሰብ ግን ማስረጃ ያጥረዋል። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ በአምስት የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ 1,000 ያህል ሰዎችን በዕጣ ለይተው ተከታተሉ፤ ከፊሉ ፋብሪካ ገባ፣ ከፊሉ 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፣ ከፊሉ ምንም አላገኘም። ከዓመት በኋላ ፋብሪካ የገቡት ምንም ካላገኙት የተሻለ ገቢ አልነበራቸውም፤ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቅቀው ነበር፤ የጤና ችግርም ታየባቸው። ገንዘብ የተሰጣቸው ግን ገቢያቸው በሲሶ ያህል ጨምሮ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ይህ ብልጫ ጠፍቶ ተገኘ፤ ይህንንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ከዚህ የምረዳው አንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብም ሆነ አንድ ጊዜ የሚከፈት ፋብሪካ ከዓመት ዓመት የሚመለሰውን ክፉ ወር እንደማይተካ ነው። ደግሞም የግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ወደ ፋብሪካ የምትሄደው ልጅ ዋጋዋን የሚወስነው ከኋላዋ ያለው ቤት ነው። ከኋላዋ ጎተራ ያለ ልጅ በዚያ ደመወዝ አልሠራም ማለት ትችላለች።

«ጥፋቱ የወላጅ ነው» ለሚሉት ብዙ ቃል አላባክንም። ልጁን በጥቅም የሚሸጥ ክፉ ወላጅ የትም አይጠፋም። ነገር ግን ነሐሴ ላይ የተላከች ልጅ ኅዳር ላይ አዝመራው ሲገባ ቢሆን ባልተላከች ነበር ከተባለ፣ የወላጁ ጠባይ በሦስት ወር ተለወጠ ልንል ነው?

የመጨረሻው ተቃውሞ ጦርነቱ ነው፤ ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ሰሜን ሸዋ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አጣዬን ሲቃጠል አይቷል፣ ጦር ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ በግጭት ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ወገኖችን በቻይና ካምፕና በወይንሸት አስጠልላ ቆይታለች፤ እነዚህ መጠለያዎች ለደላላ ከየትኛውም መንደር የበለጠ የተመቹ ናቸው። መኪና በማያልፍበት አካባቢ የወረዳ ባለሙያ አይደርስም፣ ክትባትም አይደርስም። በዚህ ጊዜ ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው ሰላም ነው ቢባል ማን ይከራከራል? ሆኖም የእድር ሣጥን መኪና አይፈልግም፤ የሚያስፈልገው ዳኛ፣ ጸሐፊና ሣጥኑን ማንም ታጣቂ እንዳይነካው የሚስማማ ሰፈር ነው። ሦስተኛው ከባዱ ነው።

ይህ ሣጥን የት መጀመር እንዳለበት ለማወቅም አዲስ ጥናት አያስፈልግም። የወረዳ ሪፖርት በአብዛኛው የሚቆጥረው የተሠራ እርከን፣ የተተከለ ችግኝና የሠለጠነ ሰው ነው። በየገጠሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ከዚያ የሚበልጥ መዝገብ አለ፤ ሰኔ ላይ ፈተና ወስደው መስከረም ላይ ያልተመለሱ ልጆች ስም ዝርዝር። አንዳንዱ ዘመድ ጋ ሄዷል፣ አንዳንዷ ተድራለች፣ አንዳንዱ እረኛ ነው፣ አንዳንዷ አዲስ አበባ ሰው ቤት ዕቃ ታጥባለች። ርእሰ መምህሩና የእድሩ ዳኛ በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት አንድ ከሰዓት ተቀምጠው የአምናውን ዝርዝር ከቤት ቤት ቢያመሳክሩ፣ ዘንድሮ ደላላው የየትኛውን ቤት በር እንደሚያንኳኳ ከእርሱ ቀድመው ያውቃሉ።